ያልደረሰ አይመዘገብም

ዘንድሮ በዚህ ዕድሜዬ ሥራ ያዝኩ ስል ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ይለግማል። ግን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የፈረንሳይኛ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው ይፈለጋል ሲባል፣ በልጅነቴ የተማርኩት ፈረንሳይኛ ሳይሻግት ልጠቀምበት ብዬ ሄድኩ። ሄደሽ ትናደጃለሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። ቢለኝም አልሰማም ነበር፤ ንዴት ለእኔ አዲስ አይደለም።

ሥራው ይህ ነው። ድሮ ከቀይ ባሕር ማዶ መጥተው ጅቡቲ የሚወርዱ ሰዎችን ተቀብሎ በባቡር ወደ ድሬዳዋ የሚልክ አንድ የመርከብ ወኪል ነበር። የእያንዳንዱን ተሳፋሪ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የተነሣበትን ወደብ በትልልቅ መዝገብ ያስጽፍ ነበር። ወኪሉም ሞቷል፣ ቢሮውም ፈርሷል፤ መዝገቦቹ ግን አንድ መጋዘን ውስጥ ምስጥ ጥቂት ጥቂት ቀምሷቸው ተገኙ። አሁን ባሕር ማዶ የሚኖሩ የግሪክ፣ የአርመንና የየመን የልጅ ልጆች "አያቴ በየት በኩል ገባ?" እያሉ የሚጠይቁበት ማኅበር አለ። ማኅበሩ ገጾቹን ፎቶ አስነሥቶ፣ እያነበበ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥለት ሰው ቀጠረ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

አለቃዬ ሠላሳ ያልሞላው የአዲስ አበባ ሰው ነው። "አንቱ" ይለኛል። ድሬ ተወልጄ፣ አባቴን ራሱን "አንተ" እያልኩ አድጌ፣ በስተርጅና "አንቱ" የሚለኝ አለቃ መጣብኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲያርፍ እሱ ብቻ ቬንትሌተሩ ሥር ላቡን እየጠረገ ይቀራል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ይሰደባል፣ ይወጣልኛል። እሱ ግን ምንም ብትሉት መልሱ አንድ ነው፦ "እማማ፣ ሲስተሙ አይቀበልም።"

መመሪያ የሚባል ወፍራም ወረቀትም አለው። ከዚያ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ አንድ መስመር ነው። እያንዳንዱ መዝገብ ጀርባ ላይ ጥቂት ገጾች አሉ፤ ባሕር ላይ የሞቱ፣ ወይም ጅቡቲ ሳይገቡ ኳራንቲን ውስጥ የቀሩ ሰዎች የተጻፉባቸው። በመጀመሪያው ቀን እነዚያን ገጾች ስገልጥ አለቃዬ "እሱን ይለፉት" አለኝ።

"ለምን?"

"አልደረሱማ። መመሪያው ያልደረሰ አይመዘገብም ይላል።"

"ታዲያ አልተሳፈሩም? ትኬት አልቆረጡም? ሰው ስለሞተ መንገደኛ አልነበረም ይባላል?"

"ሲስተሙ የመድረሻ ቀን ይጠይቃል እማማ። የመድረሻ ቀን የሌለውን ሰው አይቀበልም።"

ጮህኩ። ያን ቀን ከዚራ ጥላ ሥር የተቀመጡ ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ሰምተውኛል። ከዚያ ግን ምን አደረግኩ? ቁጭ ብዬ መተየብ ጀመርኩ። እነዚያን ገጾች እያየሁ አለፍኳቸው። ዛሬ ሳስበው ከእሱ ይልቅ በራሴ የምናደደው በዚህ ነው፤ ጮኼ ሲያበቃ እንደታዘዝኩት ማድረጌ።

ጎረቤቴን አዴ እንላታለን። በእኛ ሰፈር ትልቅ ሴት የሚከበርበት ስም ነው። የእሷንም ሆነ የቤተሰቧን የማንንም ትክክለኛ ስም እንደማልጽፍ ቃል ገብቼላታለሁና አዴ ብዬ እቀጥላለሁ። ሰማንያ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። ከየመን የመጣችው ገና አራስ ልጅ ሆና በእናቷ እቅፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋን ለቅቃ አታውቅም። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እየቀላቀለች ታወራዋለች፤ ዓረብኛ የምታመጣው ስትጸልይና ስትሳደብ ነው።

አባቷ ቀድሞ መጥቶ መጋላ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ሆኖ ነበር። ሚስቱ አዴን ታቅፋ ተከትላው መጣች፤ ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ልብስ ሰፊው እዚሁ አገር ሌላ ሚስት አገባ፣ ወንድ ልጅም ወለደ። አዴ ከዚያ ቤት አደገች። ዝምተኛ ሰው ነበር ትላለች፤ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ እንጂ ድምፁ አይሰማም። እሱ በሕይወት እያለ የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት አባቷ በወባ ሞተ። ከሳጥኑ ሥር የእናቷ የመርከብ ወረቀት ተገኘ። ወረቀቱ ላይ "የባል ስም" በሚለው ቦታ የልብስ ሰፊው ስም የለም። "አቡ" ብሎ የሚጀምር ሌላ ስም ነው። "አቡ" ማለት በዓረብኛ "የእገሌ አባት" ማለት ነው፤ ሰው በበኩር ልጁ ስም ሲጠራ። ልብስ ሰፊው ግን መጋላ ውስጥ የሚታወቀው "አቡ" ተብሎ በዚያ እዚህ በወለደው ልጁ ስም ነበር። በወረቀቱ ላይ ባለው ስም የሚጠራ ልጅ በቤቱ የለም። ስለዚህ ዘመድ ተሰብስቦ ፈረደ፦ እናቷ የሌላ ሰው ሚስት ነበረች፣ ልጅቷም የሌላ ሰው ልጅ ናት። አዴ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ጨርቋን ጠቅልላ ከዚያ ቤት ወጣች።

ወንድሟ ያኔ ሕፃን ነበር። አድጎ፣ ሸምግሎ፣ ያንን ወረቀት ፕላስቲክ አልብሶ እስከ ዛሬ ይዞታል። የመጋላው ቤት ከእኛ ሰፈር በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። መንገድ ላይ ሲያገኛት "ሰላም አለይኩም" ይላታል፤ ለማንም መንገደኛ እንደሚለው። በልጆቹ ሠርግ አልጠራትም፣ በልጆቿ ሠርግ አልመጣም።

ሥራ በጀመርኩ በወሩ ገደማ፣ የምገለብጠው የድሮ የመርከብ መዝገብ መሆኑን ስትሰማ አዴ በማግስቱ መጣች። ሻሂ እንኳን ሳትጠጣ ተናገረች።

"ስሚ ልጄ። እኔ ቤቱን አልፈልግም። ልጆቼ አልሐምዱሊላህ ቤት አላቸው። ወላሂ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሳልሞት ያ ሰውዬ በአፉ 'ኡኽቲ' ይበለኝ። እህቴ ይበለኝ። እናቴ እዚያ መዝገብ ውስጥ አለች አይደል? ፈልጊልኝ አቦ።"

ጊዜ አልፈጀብኝም። ስሟን ስጽፈው ኮምፒውተሩ ወዲያው አወጣት፤ ለካ በሁለተኛው ሳምንት ራሴ የተየብኳት ሴት ናት። ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ የተነሣችበት ወደብ፣ "ሕፃን ሴት ልጅ በእቅፍ" የሚል ቃል። የባል ስም፦ ያው "አቡ" የሚለው። ከዚህም የባሰ ነገር ነበር። ይህ ሲስተም የሚሉት ሚስትን ከባል ጋር በራሱ ያዛምዳል። የመሰለውን ያቀርብና አረንጓዴ ያበራል፤ አንቺ "አዎ" የሚለውን ትነኪያለሽ። የአዴን እናት ከአንድ በዚያው ቅጽል ከሚጠራ የቡና ነጋዴ ጋር አዛምዷት ነበር። "አዎ" ያልኩትም እኔ ነኝ። ስነካው ትዝም አይለኝም፤ በቀን ስንቱን አረንጓዴ እነካለሁ። አሁን በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቢፈልግ፣ የአዴ እናት የቡና ነጋዴው ሚስት ናት።

እኔም አመንኩ። ሳልደብቅ ልናገር፤ አመንኩ። ወረቀቱ ለካ እውነቱን ነበር አልኩ በልቤ፣ ምስኪን አዴ ስንት ዘመን በከንቱ ስትብሰለሰል ኖረች አልኩ። ሄጄም "ገጹን ምስጥ በልቶታል፣ አላገኘሁም" አልኳት። ለእሷ ያዘንኩ መስሎኝ ነው።

"ምስጡ ምን ያድርግ፣ እሱም መብላት አለበት" አለችና ሳቀች። "ግን ፈልጊ፤ ሌላም ገጽ ይኖራል።" ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ ከጓሮዋ ፓፓያ ቆርጣ ታመጣልኝ ጀመር። ዓይኖቼ እንዳይደክሙ። አንድ ወር ያህል በላሁት።

ከዚያ ቀበሌ ሄድኩ፣ መታወቂያዬን ላሳድስ። ከፊቴ ከሐርላ ገጠር የመጣች ሴት ከሴት ልጇ ጋር ተሰልፋለች። ጸሐፊው "የባል ስም?" አላት። ሴትዮዋ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች።

"የዚህች አባት ነዋ" አለች፣ ልጇን እያሳየች።

"ስሙን ነው ያልኩት!"

"እሱ ነው። የዚህች አባት።"

"እናቴ፣ ሰልፉን አታስቁሚ፤ ባልሽ ስም የለውም?"

ሴትዮዋ ፊቷን አዙራ ልጇን በክርኗ ነካ አደረገቻት። ልጅቷ ጮክ ብላ የአባቷን ስም ተናገረች። ሰልፉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። የባልን ስም መጥራት ነውር እንደሆነ የማያውቅ ጸሐፊ ከየት አመጡት? የገዛ እናቴ አብራው አርባ ዓመት ስትኖር አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም። "ሰውዬው" ነበር፤ ስትቆጣ ደግሞ "የልጆቼ አባት"።

እየሳቅኩ ሳለ ጅቡቲ ወደብ ላይ አንዲት አራስ ልጅ የታቀፈች ሴት ታየችኝ። ፈረንሳዊ ጸሐፊ "የባል ስም?" ይላታል። በክርኗ የምትነካው ሰው የላትም፤ የታቀፈቻት አፍ አልፈታችም። እንግዲህ ምን ትበል? ቤት ውስጥ በምትጠራበት ስም ጠራችው። አቡ እገሌ፣ የእገሌ አባት። እንግዲያስ በዚያ ስም የሚጠራ ልጅ ነበረ ማለት ነው። ድሬዳዋ የገቡት ዝርዝር ውስጥ ግን የለም። ተሳፍሮ ያልገባ ልጅ የት እንደሚጻፍ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ሰልፉን ትቼ በባጃጅ ወደ ከዚራ በረርኩ።

የዚያን መዝገብ የጀርባ ገጾች ከፈትኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር። ወንድ ልጅ፣ ሦስት ዓመት ተኩል። መርከቡ ጅቡቲ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው በትኩሳት ሞተ፣ ባሕር ውስጥ ተቀበረ። ሞቱን ያስመዘገበው ከዚያው መንደር የመጣ ወንድ ተሳፋሪ ነው፤ ወንድ ነውና ስም መጥራት አላፈረም። የልጁ ስም ያ "አቡ" ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈው ስም ራሱ ነው። የአባቱ ስም የልብስ ሰፊው ስም ነው። "አባቱ ድሬዳዋ ልብስ ሰፊ። እናቱና ጨቅላ እህቱ መርከቡ ላይ ናቸው።" ጸሐፊው ይህን ሁሉ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጽፎታል።

ያ ገጽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊቴ ነበር።

አለቃዬን ጠራሁት። "ይህን ልጅ አስገባልኝ፤ እናቱንም ከቡና ነጋዴው ፍታልኝ" አልኩት። ረጋ ብሎ አነበበው። ልቡ እንደተነካ አየሁ፤ እሱም የእናት ልጅ ነው።

"እማማ፣ የተዛመደን ለመፍታት ማስረጃው ሲስተሙ ውስጥ መኖር አለበት።"

"ማስረጃው ልጁ ነው!"

"ልጁ ሲስተሙ ውስጥ የለም።"

"ስለዚህ አስገባው!"

"የመድረሻ ቀን የለውም።"

ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። እናቱን አልነካሁም፤ ሲስተሙን ግን ከነዘር ማንዘሩ ሰድቤዋለሁ። ከዚያ ፈቃድ ሳልጠይቅ ገጹን አተምኩና ወጣሁ።

አዴ ቤት ገብቼ አነበብኩላት። ስለ አባቷ ስም እልል ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ የሰማችው ግን ሌላ ነው።

"ወንድም ነበረኝ?"

"ነበረሽ።"

"የት ቀበሩት?"

"ባሕር ውስጥ።"

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የሚጮህ የመኪና ጥሩንባ ይሰማኛል። ከዚያ ቱግ አለች። "አሥራ ሦስት ዓመት! ሽርጡን እያጠብኩ፣ መርፌውን እየሰካሁ፣ አንድ ቀን ወንድም ነበረሽ አይለኝም? ምን ዓይነት ዝምታ ነው ይሄ? ያ ረቢ! ዝም ብሎ ሞቶ እኔን ከቤት አስወጣኝ!" አባቷን ስትሰድብ ሰምቻት አላውቅም ነበር። እያለቀሰች ሰደበችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "እናቴ ግን... ልጇን ባሕር ውስጥ ጥላ ስትወርድ ነው የባልሽ ስም ማነው ያሏት?"

ስም ሲጠይቋት ልጁ ከሞተ ሁለት ቀኑ ነው። ባሏን በዚያው በልጁ ስም ጠራችው። የምጽፈው እየተናደድኩ ነው፤ ይህን ሳስብ ብቻ ንዴቱ ይከዳኛል።

በማግስቱ ወንድሟን አስጠራችው። ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ መጣ። ነጭ ቆብ አድርጎ፣ በከዘራ፣ ያንን በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት በኪሱ ይዞ። እኔ ፈረንሳይኛውን እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ሁለቱን ወረቀቶች ጉልበቱ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ብዙ አያቸው። ምን እንደሚያስብ ገብቶኛል። ዕድሜውን ሁሉ የአባቱ በኩር ወንድ ልጅ ነበር፤ አባቱ የተጠራው በእሱ ስም ነበር። ለካ አባቱ ከእሱ በፊት የሌላ ልጅ አባት ተብሎ ተጠርቷል። የራሱ እናትም ባሏን በስሙ ጠርታው እንደማታውቅ ትዝ ሳይለው አልቀረም። ይህን ያህል ቅርብ ነገር እንዴት አልታየውም? እላለሁ። ለእኔስ መች ታየኝ።

ሰውዬው አለቀሰ። እያለቀሰም "ኡኽቲ" አለ።

እኔ እንባዬን አዘጋጅቼ ነበር። ትነሣለች፣ ታቅፈዋለች፣ ሁላችንም እናለቅሳለን ብዬ። አዴ አልተነሣችም።

"ምን አልክ?"

"ኡኽቲ። ይቅር በይኝ።"

"አድገህ ያንን ወረቀት አነበብክ፣ የሌላ ሰው ልጅ ነሽ አልከኝ። ዛሬ ሌላ ወረቀት አነበብክ፣ እህቴ ነሽ ትለኛለህ። በዚህ መሃል እኔ በአፌ ስንቴ ነገርኩህ? በርህ ላይ ቆሜ ነገርኩህ፣ ገበያ መሃል ነገርኩህ። ያ ወረቀት ባይገኝ ኖሮ እኔ ማን ነበርኩ? እኔን ራሴን የምታምነው መቼ ነው?"

አዴ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

"አንቺስ? ይሄን ገጽ መቼ አገኘሽው?"

"ትናንት።"

"የእናቴንስ?"

መዋሸት እችል ነበር፤ ምስጡ አሁንም ነበረልኝ። ግን እንደዚያ እያየችኝ አልቻልኩም።

"ወር አልፎታል፤ ፈልጊልኝ ብለሽ በመጣሽ ማግስት ነው ያገኘኋት። ከነጋዴው ጋር ያዛመድኳትም እኔ ነኝ።"

"አንቺም አመንሽው?"

"አመንኩት አዴ።"

"አርብ አርብ ፓፓያዬን እየበላሽ?"

አዴ የታተመውን ገጽ ከወንድሟ ጉልበት ላይ አነሣች፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። የድሮውን ወረቀት አልነካችውም። ከዚያ በጣቷ በሩን አሳየችን፤ ለሁለታችንም።

ደጅ ወጣን። እሱ ፕላስቲኩን በእጁ እንደያዘ ባጃጅ ይጠብቃል። የእኔ ቤት አጥሩን እንዳለፉ ነው፤ ግን ወደዚያ አልሄድኩም፣ በዚያ ፀሐይ አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ።